ወጀብ አሳሽ

በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች፣ በሚያዝያና በግንቦት ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም፣ ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ ወደ ቤቱ በሚሸሽበት ሰዓት፣ ካርታና ካሜራ ይዘው ወደዚያው ወደ ጠቆረው ሰማይ በመኪና የሚገሠግሡ መንገደኞች አሉ፤ ምኞታቸውም ዐውሎ ነፋሱን ከቅርብ አይተው፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕሉን አንሥተው በደኅና መመለስ ነው። ከቀደምቶቻቸው አንዱ ዴቪድ ሆድሊ ይህን ልማድ በሰሜን ዳኮታ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ በ1977 ለመሰሎቹ መጽሔት አቋቋመ፤ በመካከሉም፣ በ1972፣ የኦክላሆማ ሊቃውንት ዐውሎውን በየመንገዱ እየተከተሉ መመርመር ጀመሩ።

ለዚህ ግብር በአማርኛ ምን ስም ይስማማዋል? «አሳዳጅ» ብንል ቃሉ ሰማዕታትን ያስጨነቁ ነገሥታትን ያስታውሳል፤ «አዳኝ» ብንል አውሬ የሚገድለውንም ነፍስ የሚያድነውንም ስለሚያመለክት ያሻማል፤ «ማዕበል»ም ለባሕር እንጂ ለደጋ አይሆንም። ዝናብና ነፋስ ተቀላቅለው ሲገርፉ ግን ባላገሩ «ወጀብ» ይላል፤ ያልታወቀ ምድር ፈልጎ የሚዞረውንም «አገር አሳሽ» ማለት ከለመድን ሰንብተናል። እንግዲህ ሰውየው «ወጀብ አሳሽ»፣ ሥራውም «የወጀብ አሰሳ» ይባል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ግብሩ ለጎንደር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1707 በመብረቅ መጥፋቱ የሚነገርባት ይህች ከተማ፣ ከ1830ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ለዐሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ የተመላለሰውን ፈረንሳዊ አንቷን ዳባዲን አስተናግዳለች። ይህ ሰው በብራና መጻሕፍት ሰብሳቢነቱና በ1881 ባሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ይታወቅ እንጂ፣ በተቀመጠበትና ባለፈበት ስፍራ ሁሉ ነጎድጓድን እየተመለከተ ይመዘግብ ነበር፤ በ1858ም ስለ ኢትዮጵያ ነጎድጓድ ብቻ የተጻፈ ድርሳን በፓሪስ አሳተመ። ካሜራ አልያዘም፤ ነገር ግን ቀንና ቦታ ካልተጻፈበት የመብረቅ ሥዕል ይልቅ የእርሱ ዓይነት መዝገብ የበለጠ ይመሰክራል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣው ብልጭታ አብዛኛው ከየት እንደ መጣ እንኳ አይታወቅምና።

በሜዳ አገር ወጀቡ ይጓዛል፣ አሳሹም ይከተለዋል። በጎንደር በኩል ያለው የስሜን ተራራ ግን ገደልና ሸለቆ የበዛበት፣ ከደባርቅ በሳንቃበር ወደ ጨነቅ የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ የሆነበት አገር ስለሆነ፣ አሳሹ ስፍራ መርጦ መጠበቅ እንጂ መሮጥ አያዋጣውም። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እርጥብ ነፋስ ከደቡብና ከምዕራብ ሲገባ፣ በቆላው የሞቀው አየር የገደሉን ግንብ እየታከከ ይወጣል፤ ወደ ላይ በወጣ መጠን እየቀዘቀዘ እንፋሎቱ ደመና ይሆናል፤ ስለዚህ ንጋት ላይ ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ ከቀትር በኋላ በጉምና በነጎድጓድ ይከደናል፣ ብዙ ጊዜም በረዶ ይወርዳል። ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእሜት ጎጎ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የደመናውን አነሣሥ ከሥሩ ጀምሮ ያያል፤ ይህን የኦክላሆማ ሜዳ አይሰጥም።

ያው አፋፍ ግን መብረቅ የሚመርጠው ስፍራ ነው። ወጀብም ልምድ ያለውን አይምርም፤ በአሰሳው የተመሰገነው አሜሪካዊ ቲም ሳማራስ እንኳ እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2013 በኦክላሆማ፣ በኤል ሪኖ፣ ከልጁና ከባልደረባው ጋር በዐውሎ ነፋስ ሞቷል። ድምፅ አንዱን ኪሎ ሜትር በሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚጓዝ፣ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና፣ ካሜራውን ከነእግሩ ትቶ ከአፋፉ መውረድ ይገባል፤ ብቻውን በሜዳ በቆመ ጅብራ ሥር አለመጠለል፣ ጣራዋ ብረት በሆነ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማም በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ አፋፉ አለመመለስ።