ክትባትና የሆርሞን ዕጢዎች፤ የፊንላንድ መዝገቦች ታሪክ

በ1985 ዓ.ም. መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፊንላንድ አገር የሚወለዱ ሕፃናት በልደት ቀናቸው ለሁለት ይከፈሉ ጀመር። ቀኑ ሙሉ ቁጥር ወይም ጎዶሎ ቁጥር መሆኑ ብቻ ታይቶ፣ ግማሾቹ ከሦስት ወር ዕድሜያቸው ጀምሮ አራት ጊዜ፣ ሌሎቹ ግን ሁለት ዓመት ሲሞላቸው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲከተቡ ተደረገ። ክትባቱ ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ የተባለውን ባክቴሪያ የሚከላከል ነበር። ይህ ባክቴሪያ ስሙ እንዲያ ይባል እንጂ ከኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጋር ዝምድና የለውም፤ ሕፃናትን በማጅራት ገትር የሚቀጥፍ፣ ከሞት ከተረፉትም አንዳንዶቹን መስማት የሚያሳጣ ነው። በ1990 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስደሰተ። ጥናቱ ካቀፋቸው 114,000 ሕፃናት መካከል ቀድመው ከተከተቡት ወገን በበሽታው የተያዙት 4 ሲሆኑ፣ ተራቸውን ከሚጠባበቁት ወገን ግን 64 ነበሩ። ኢትዮጵያም ይህንኑ ባክቴሪያ የሚከላከል ክትባት፣ አምስት በሽታዎችን ባንድነት በሚከላከለው መርፌ አማካይነት፣ ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናቷ ሰጥታለች።

ጥናቱ የታቀደው ለማጅራት ገትር ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን አንድ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ክትባት ሕፃኑ ሁለት ወር ካለፈው በኋላ ሲሰጥ የስኳር በሽታን ያበዛል የሚል ክርክር አነሣ። ክርክሩ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። የሕፃናት የስኳር በሽታ የሚመጣው በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን የሚያመነጩትን ሕዋሳት የሰውነት መከላከያ ራሱ ሲያጠፋቸው ነው፤ የክትባት ሥራ ደግሞ ያንኑ መከላከያ መቀስቀስ ነው። በዚያም ላይ ፊንላንድ ይህ በሽታ ከማናቸውም አገር ይልቅ የበዛባት ናት፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ 100,000 ልጆች መካከል በየዓመቱ ከ40 በላይ የሚሆኑት ይያዙ ነበር። ልጁ ተከትቦ ብዙም ሳይቆይ የታመመበት ወላጅ ሁለቱን ነገሮች ቢያያይዝ ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ሕፃናት ሁሉ በሚከተቡበት አገር በስኳር በሽታ የሚያዙትም የተከተቡ መሆናቸው ግድ ነው። ከዚህም በቀር ሕዋሳቱ የሚጠፉት ቀስ በቀስ በመሆኑ፣ የጥፋቱ ምልክት ሕመሙ ከመታወቁ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት በደም ውስጥ ይታያል። ስለዚህ የቀን ቅደም ተከተል ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ምስክሩ የተገኘው ከመዝገብ ነው። በፊንላንድ እያንዳንዱ ሰው የግል መለያ ቁጥር አለው፤ የስኳር ሕሙማን ልጆችም በብሔራዊ መዝገብ ይጻፋሉ። ኢንሱሊን በመንግሥት የጤና መድን ወጪ ስለሚሰጥ ሳይመዘገብ የሚቀር ሕመምተኛ እምብዛም የለም። ተመራማሪዎች በክትባቱ ጥናት የታቀፉትን ወደ 116,000 የሚጠጉ ልጆችና ከእነርሱ ቀደም ብለው የተወለዱትን 128,500 ያህል ልጆች በዚሁ መዝገብ ለአሥር ዓመታት ተከታትለው በ1999 ውጤቱን አሳተሙ። አራት ጊዜ በተከተቡት፣ አንድ ጊዜ በተከተቡትና ክትባቱ ባልደረሳቸው መካከል በስኳር በሽታ ረገድ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ሙሉና ጎዶሎ የልደት ቀን ከሀብትም፣ ከዘርም፣ ከመኖሪያ ስፍራም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ከዚህ የተሻለ ሚዛን ማግኘት ያዳግታል። በ2004 ደግሞ በዴንማርክ ከ1990 እስከ 2000 የተወለዱ 739,694 ልጆች መዝገብ ተመርምሮ፣ 681 የስኳር ሕሙማን ቢገኙም የሕፃናት ክትባት ለበሽታው ምክንያት መሆኑን የሚያሳይ ነገር አልታየም።

ቆሽትን በሚመለከት ክትባቱ በዚህ ነጻ ወጣ። ያ የመዝገብ ሥርዐት ግን ጠበቃ ሳይሆን ዳኛ መሆኑ የታየው ከአሥር ዓመታት በኋላ ነው። በ2009 በዓለም የተዛመተውን ኢንፍሉዌንዛ ለመከላከል ፊንላንድ ፓንደምሪክስ የተባለውን ክትባት በጥቅምት ወር መስጠት ጀመረች፤ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ሦስት አራተኛ ያህሉ ተከተቡ። በተከታዩ ዓመት የነርቭ ሐኪሞች ወትሮ በልጆች ላይ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥማቸውን ናርኮሌፕሲ የተባለ በሽታ ደጋግመው ያዩ ጀመር። ልጁ በትምህርት ገበታ ላይ ሳለ ድንገት እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳዋል። ምክንያቱ ሃይፖክሬቲን የተባለውን፣ ሰውን ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት መጥፋት ነው። እነዚህ ሕዋሳት የሚገኙት በሃይፖታላመስ ነው፤ ይህ የአንጎል ክፍል በጥብቅ አነጋገር ዕጢ ባይባልም፣ ፒቱታሪ የተባለችውን ዕጢና በእርሷም በኩል ሌሎቹን የሆርሞን ዕጢዎች የሚያዝዝ ነው።

ፊንላንድ በነሐሴ 2010 ክትባቱን አቆመች። ወሬው በጋዜጣ ስለተነዛ ሕመምተኛ በዛ እንዳይባል፣ ተመራማሪዎቹ ዋናውን ስሌት ወሬው ከመሰማቱ በፊት በነበረው ጊዜ ወሰኑት። በ2012 የታተመው ውጤት በዚያ የዕድሜ ክልል የተከተቡት ካልተከተቡት ከ12 እጥፍ በላይ ለበሽታው ተጋልጠው እንደነበር አሳየ፤ ይህም ከ16,000 ተከታቢዎች አንድ ሕመምተኛ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ከ16,000 በአንዱ ላይ የሚደርስ ጉዳት በ2,000 ሰዎች ላይ በሚደረግ ሙከራ ጨርሶ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ 88 በመቶ ያህል ነው። ቢያንስ አንዱን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማየት ወደ 48,000 ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ የታየው አንዱም ቢሆን ከወትሮው ሕመምተኛ ተለይቶ አይታወቅም። ጥቂት የኮንክሪት ናሙና ሰብሮ የሺህ ድልድዮችን ዕድሜ መተንበይ እንደማይቻል የሙያ ባልደረቦች ያውቃሉ። ክትባቱ ከመሰጠቱ በፊት የተደረገው ፈተና ይህን ጉዳት አለማሳየቱ የሚያስገርም አልነበረም፤ የሚያስገርመው መዝገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ማሳየቱ ነው።

የጉዳቱ አሠራር እስካሁን ያከራክራል። ሕሙማኑ በአብዛኛው አንድ ዓይነት የዘር ምልክት ይጋራሉ። በቤይጂንግም ከ2009 ወረርሽኝ በኋላ ናርኮሌፕሲ በዝቶ ታይቷል፤ ከሕሙማኑ አብዛኞቹ ግን ያልተከተቡ ነበሩና፣ ቫይረሱም ራሱ ሳይጠረጠር አልቀረም። የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን በሐምሌ 2011 ፓንደምሪክስ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች ለሆኑት እንዳይሰጥ፣ ሌላ ክትባት ሲታጣ ብቻ እንዲፈቀድ ወሰነ። የጠፉት ሕዋሳት ተመልሰው አይተኩም፤ በሽታው የዕድሜ ልክ ነው። በፊንላንድ የተጎዱት ልጆች ጉዳታቸው ከክትባቱ የመጣ መሆኑ ታምኖበት ከመድኃኒት ጉዳት መድን ካሳ ተከፍሏቸዋል።