የካሜራ ዓይን ጉድፍ

የፎቶግራፍ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የብርሃን ታሪክ ሆኖ ነው የሚጻፈው። እኔ ግን ዛሬ በዚያው ታሪክ ሥር ተሸሽጋ የኖረችውን የአቧራን ታሪክ በአጭሩ ላውጋችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1839 የፈረንሳዊው የሉዊ ዳጌር ጥበብ ለዓለም ሲገለጥ፣ ሥዕል የማንሣቱ ሥራ የሚጀመረው በመወልወል ነበር። ብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ መስተዋት እስኪመስል ድረስ ይታሻል። ሰሌዳው ላይ የቀረች እድፍ በባለ ሥዕሉ ፊት ላይ ትወጣለችና ባለሙያው ፎቶ አንሺ ከመሆኑ በፊት ወልዋይ መሆን ነበረበት።

ቀጥሎ ጥቅል ፊልም መጣ። ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 ለገበያ ያቀረበው የኮዳክ ካሜራ 100 ሥዕል የሚበቃ ፊልም ጎርሶ ይሸጥ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ሥዕሉ ታጥቦና ታትሞ፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ጎርሶ ይመለስለታል። ፊልም አንድ ጸጋ ነበረው፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል ያልተነካ ገጽ ይዘረጋል። ገጹ ላይ ያረፈች ብናኝም ከገጹ ጋር ተጠቅልላ ትሄዳለች።

እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን እንግዳ መሣሪያ ሠራ። 10,000 ነጥቦች ያሉትን አንድ ሥዕል በካሴት ክር ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ዲጂታል ካሜራ እንዲህ ተወለደ፤ የአቧራም ዕጣ ፈንታ ከዚህ ወዲያ ተለወጠ። ሴንሰር እንደ ፊልም በየሥዕሉ አይታደስም፤ ካሜራው እስካለ ድረስ ያው አንዱ ነው። ስለዚህ ሌንስ ሲቀየር ገብታ ከሴንሰሩ ፊት ባለው ስስ መስተዋት ላይ ያረፈች ብናኝ፣ ዛሬ ከሙሽሮቹ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ግራጫ ነጥብ ሆና ትታያለች፤ ነገም በለቅሶው ሰማይ ላይ በዚያችው ቦታ ትገኛለች።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የኦሊምፐስ ኢ-1 ካሜራ ለዚህ መላ ይዞ መጣ። ከሴንሰሩ ፊት ያለው መስተዋት ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት እየተንቀጠቀጠ አቧራውን ያራግፋል። ሌሎች ኩባንያዎችም መንገዱን ተከተሉ። ሆኖም ቅባት ያለው እድፍ በመንቀጥቀጥ አይለቅምና የሰው እጅ ሥራውን አልፈታም።

ያ እጅ ግን ሥርዓት ይሻል። ሌንስ የሚቀየረው ከነፋስ ተከልሎ፣ የካሜራውን አፍ ወደ ታች ደፍቶ ነው። አቧራው በጎማ መንፊያ ይነፋል እንጂ በአፍ እፍ አይባልም፤ እፍታ ምራቅ ይዞ ይገባልና። ሴንሰሩን ለማጽዳት የሚከፈት ካሜራ ባትሪው የሞላ መሆን አለበት፤ ኃይሉ መሐል ላይ ካለቀ መዝጊያው በመጥረጊያው ላይ ይከደናል። በክረምት ደግሞ እርጥበት በታፈነበት ቦርሳ ውስጥ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያወጣልና እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አብሮት ይቀመጥ።

ስለ ማጽዳት ስናነሣ አንድ የሚያስገርም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ እንግሊዛዊው የሌንስ ሊቅ ሃሮልድ ዴኒስ ቴይለር አየር ያወየባቸው አሮጌ ሌንሶች ከአዲሶቹ ይልቅ ብርሃን እንደሚያሳልፉ አስተዋለ። ሰው ሁሉ ጉድለት ያለው ወይብ ለካ በረከት ኖሯል! እ.ኤ.አ. በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ በካርል ዛይስ ኩባንያ ሳለ ይህንኑ ስስ ሽፋን ሆን ብሎ በሌንስ ላይ የማልበስን ዘዴ አገኘ። ዛሬ በየሌንሱ ላይ ያለው ሽፋን የዚያ ወይብ ልጅ ነው።

በሣጥናችሁ ከ1940ዎቹ ወዲህ የተሠራ የአባት ወይም የአያት ካሜራ ካለ አውጡትና ወደ ብርሃን ያዙት። አቧራውን በመንፊያ አራግፉ። መስተዋቱ ላይ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ጥላ ብታዩ ግን እድፍ ነው ብላችሁ አትፈግፍጉት። የወላጆቻችሁ ፊት ወደ ፊልሙ የገባው በዚያ ጥላ በኩል አልፎ ነው።