ሻርል ቫኔል፤ ከዝምተኛው ፊልም ወደ ተናጋሪው

በ1923 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) «የምሥጢሩ ቤት» የተባለ ተከታታይ ፊልም በፈረንሳይ ታይቶ ነበር። ባልሠራው ወንጀል የሚሰደደውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ከሩስያ አብዮት የሸሸው ኢቫን ሞዡኪን ሲሆን፥ ተንኰለኛ ጠላቱን ሆኖ የተጫወተው በ1892 ዓ.ም. በሬን ከተማ የተወለደው ሻርል ቫኔል ነው። ፊልም በዚያን ጊዜ ቃል አልነበረውም።

ዝናው ሁሉ የሞዡኪን ነበር፤ ዐይኖቹን መላው አውሮፓ ያውቃቸው ነበር። ቫኔል ግን እጁን ሳያወራጭ፥ ፊቱንም ሳያጨማድድ ይጫወታል። ለዝምተኛው ፊልም ይህ ጥቂት ሳያንስ አልቀረም፤ ኋላ ግን የጠቀመው ይኸው ቍጥብነቱ ነው እንላለን።

በ1929 ዓ.ም. ቫኔል «በሌሊት» የተባለውን ፊልም ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ ተጫወተበት። ታሪኩ፥ ፊቱ በፍንዳታ ተበላሽቶ በጭምብል ተሸፍኖ ስለሚኖር የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ነው። ቃል በሌለበት ፊልም የተዋናይ ሀብቱ ፊቱ ሆኖ ሳለ፥ ያንኑ ሀብት በጭምብል መሸፈን ታላቅ ድፍረት ነው። ዳሩ ግን በ1927 ዓ.ም. «የጃዝ ዘፋኙ» በአሜሪካ አፉን ከፍቶ ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ፊልም «ሦስቱ ጭምብሎች» ወጣ። «በሌሊት» በ1930 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ድምፅ ለመስማት ይሽቀዳደም ስለ ነበር ተመልካች አጣ። በዛሬ ዘመን ግን ታድሶ ይታያል፤ ይመሰገናልም።

ሞዡኪንን የሩስያ ቃና የተጫነው ፈረንሳይኛው ከመሪ ተዋናይነት አወረደው፤ በ1939 ዓ.ም. በድህነት ሞተ። ቫኔል ከወጣትነቱ ጀምሮ በቴአትር መድረክ የሠራ ስለ ሆነ በድምፁ መጠቀም አልቸገረውም። በ1932 ዓ.ም. በ«የእንጨት መስቀሎች» ወታደር፥ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ከቪክቶር ሁጎ መጽሐፍ በተሠራው «ሌ ሚዜራብል» ውስጥ የማይራራው ፖሊስ ዣቬር ሆነ። ሳይጮኽ ያስፈራል።

ከሁሉ የሚበልጥብን በ1953 ዓ.ም. በወጣው «የፍርሀት ደመወዝ» የሠራው ነው። በጥቂት ንቅናቄ የሚፈነዳ ፈሳሽ በካሚዮን ከሚያጓጕዙት አራት ሰዎች አንዱን፥ አስቀድሞ ጀግና መስሎ ኋላ በፍርሀት የሚፈርሰውን ዦን ሆኖ ተጫወተ፤ በካን ከተማም ሽልማት ተቀበለበት። ዕድሜው በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመት አልፎ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ብዙ ሠርቷል። ነገር ግን ሂችኮክ በ1955 ዓ.ም. ባወጣው የሌቦች ፊልም ውስጥ እንግሊዝኛው ስላልሆነለት ንግግሩን ሌላ ሰው ተናገረለት፤ በዚያ ፊልም የምናየው ፊት የቫኔል ነው፥ የምንሰማው ድምፅ ግን የርሱ አይደለም።