እሸጋ፦ የሲሊከን ቺፕ ከቦርድ ጋር የሚገናኝበት ሥራ

እኛ ፕሮግራመሮች «ፓኬጅ» ስንል ከኢንተርኔት አውርደን የምንጭነውን የኮድ ጥቅል ማለታችን ነው። በቺፕ ፋብሪካ ቃሉ ሌላ ሥራ ያመለክታል። «ዋፈር» ከሚባለው ስስ የሲሊከን ሳህን ተቆርጦ የወጣው እርቃን ሲሊከን «ዳይ» ይባላል። ይህ ዳይ ኃይል የሚያገኝበትን፣ መረጃ የሚቀበልና የሚሰጥበትን፣ ሙቀቱን የሚያስወጣበትን መንገድ ሠርቶ ቦርድ ላይ እንዲቀመጥ ማብቃት «ፓኬጂንግ» ነው። ለዚህ ሥራ «እሸጋ» የሚለውን ቃል አቀርባለሁ፤ ተሠርቶ የሚወጣው ዕቃ ደግሞ «እሽግ» ይባል። እሽግ ውሃ፣ እሽግ ምግብ እያልን ስለምንኖር ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። በዕለት ንግግራችን ግን የታሸገ ነገር የተዘጋ ነው፤ በቺፕ ዘንድ መዝጋቱ ትንሹ ሥራ ሲሆን ትልቁ ማገናኘቱ ነው። ቃሉን ስንጠቀም ይህን ይዘን ይሁን።

ዓለም ከተማ በምትባለው የኢትዮጵያ ከተማ ውስጥ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች፣ ስሙን ባይጠሩትም፣ እሽግን ከብዙ ፕሮግራመር በተሻለ ያውቁታል። «ቻርጂንግ አይሲው ሄዷል» ይሉና ፍላክስ ቀብተው፣ በሆት ኤር አሙቀው፣ ጥቁሯን ካሬ በወረንጦ ከቦርዱ ያነሷታል። ስትገለበጥ ከሆዷ በረድፍ የተደረደሩ የሊድ ጠብታዎች ይታያሉ። እያንዳንዷ ጠብታ አንድ መስመር ናት፤ አንዷ ኃይል ታስገባለች፣ ሌላዋ መረጃ ታስተላልፋለች። ያቺ ጥቁር ካሬ እሽጉ ናት፤ ሲሊከኑ ከውስጧ ነው። ያገለገለ ሲም ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ቤቱ ሆኖ ሊያየው ይችላል። ወርቃማው ሳህን ከፕላስቲኩ ሲነሳ ከጀርባው የደረቀ የሙጫ እብጠት አለ። በውስጡ ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዳይ ተጣብቋል፤ ከዳሩ ወደ ሳህኑ የሚሄዱት ሽቦዎችም ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ሙጫው ሽቦዎቹን ከመበጠስ፣ ዳዩን ከእርጥበት ይጠብቃል።

ፕሮግራመር ይህን ለምን ይማር? መልሱ ያለው ዳዩ ላይ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። የቺፕ ነዳፊ በቬሪሎግ ቋንቋ የሚጽፈው ነገር ለእኛ ዓይን ተራ ኮድ ይመስላል። ኮዱ በመጀመሪያ ወደ ጥቃቅን የሎጂክ ብሎኮች ይለወጥና እያንዳንዱ ብሎክ በሲሊከኑ ላይ ቦታ ይሰጠዋል፤ ይህን «ምደባ» እለዋለሁ። ቀጥሎ ብሎኮቹን የሚያገናኙት የብረት መስመሮች በበርካታ ንጣፎች ይዘረጋሉ፤ ለዚህ «ዝርጋታ» ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኘሁም፤ መብራት ኃይልም ቴሌም ሲሉት የኖሩት ነው። «ሌይአውት» የሚባለው እንግዲህ ምደባና ዝርጋታ ተጠናቀው የሚወጣው ሥዕል ነው።

ሥዕሉን ለማየት በ1980ዎቹ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ማጂክ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ዛሬም ያገለግላል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 0ን 1፣ 1ን 0 የሚያደርገውን ኢንቨርተር ከፍተው ይመልከቱ። አረንጓዴው መስክ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ባዕድ አቶም የተጨመረበት ሲሊከን ነው፤ ቀዩ ሰረዝ ፖሊሲሊከን ነው። ቀዩ አረንጓዴውን የሚያቋርጥበት ቦታ ትራንዚስተር ይሆናል። መስቀለኛው ራሱ ትራንዚስተሩ ነው። ዕድሜዬን «ኢፍ» ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ ውሳኔው የሚሰጥበትን ሥፍራ በዓይኔ ሳየው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሁለት ሰረዞችን ፋብሪካው ማተም ከሚችለው በላይ ካስጠጓቸው ደግሞ ማጂክ ቦታውን ወዲያው በነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል።

እዚህ ላይ ነው ርቀት የሚባለው ነገር የሚመጣው። በኮድ ውስጥ ሁለት ቁጥር መደመርና አንድ ቁጥር ከሜሞሪ ማንበብ እኩል አንድ አንድ መስመር ናቸው። የስታንፎርዱ ማርክ ሆሮዊትዝ በ2014 ባቀረቡት ስሌት ግን፣ በ45 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ሁለት ባለ32 ቢት ሙሉ ቁጥሮችን መደመር 0.1 ፒኮጁል ያህል ኃይል ይፈልጋል፤ ከዳዩ ውጭ ካለው ዋና ሜሞሪ መረጃ ማምጣት ደግሞ ከ1,000 ፒኮጁል በላይ ይፈጃል። ኃይሉን የሚበላው ስሌቱ ሳይሆን መንገዱ ነው። በ3 ጊጋኸርትዝ ለሚሠራ ቺፕ አንድ ምት ሲያልፍ ብርሃን እንኳ ከ10 ሳንቲሜትር በላይ አይጓዝም፤ በቀጭን የብረት መስመር የሚሄድ ምልክት ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ሜሞሪው ከዳዩ ምን ያህል ይራቅ የሚለው የእሸጋ ጥያቄ የፕሮግራማችንን ፍጥነት ይወስናል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚውሉት ትልልቅ ቺፖች የሜሞሪ ዳዮችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ከዋናው ዳይ ጎን በአንድ እሽግ ውስጥ የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ዳዮችን በአንድ እሽግ ውስጥ ለማሰባሰብ ሌላው ምክንያት ብልሽት ነው። ዋፈር ላይ እዚህም እዚያም ጉድለት አይጠፋም። ብል የበላው የመንዝ ባና ይታሰብ፦ ሙሉ ካባ አይወጣውም፤ ቆብ ቆብ እየተባለ ቢቆረጥ ግን አብዛኛው ደህና ይወጣል። ትልቅ ዳይም እንዲሁ አንዲት ነጥብ ከነካችው ሊጣል ይችላል። ኤኤምዲ በ2017 ያወጣው ኢፒክ የተባለ ፕሮሰሰር 32 ኮሮቹን በአራት ዳዮች ከፋፍሎ በአንድ እሽግ ውስጥ አገናኛቸው። ኩባንያው እንዳስረዳው ጠቅላላው ሲሊከን በ10 በመቶ ገደማ ቢጨምርም፣ የማምረቻ ወጪው አንድ ወጥ ዳይ ቢሠራ ከሚጠይቀው 59 በመቶ ብቻ ሆነ። እንዲህ ተከፋፍለው የሚሠሩትን ዳዮች «ቺፕሌት» ይሏቸዋል። ይህን ቃል አልተረጉመውም፤ «ቺፕ» አማርኛ ከሆነ ቆይቷልና ልጁም ከእናቱ ጋር ይግባ።

እሸጋ የት እንደሚሠራም ይታወቅ። ለዓለም ከተማ ጉዳዩ የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከከተማዋ ጋር ወዳጅነት የመሠረተችው የጀርመኗ ፋተርሽቴተን የምትገኘው በሙኒክ አቅራቢያ ነው። በዚያው በሙኒክ ዳርቻ፣ በኖይቢበርግ፣ ከታላላቆቹ የአውሮፓ ቺፕ አምራቾች አንዱ የሆነው ኢንፊኒዮን ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ኢንፊኒዮን በ2000ዎቹ ማብቂያ ያስተዋወቀው አንድ የእሸጋ ዘዴ ለቃሉ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዳዮች እያነሱ ሲሄዱ ለሊድ ጠብታዎቹ የሚበቃ ቦታ ከሥራቸው ጠፋ። መሐንዲሶቹ ደህና ዳዮችን ብቻ መርጠው፣ አራርቀው ደርድረው ሙጫ አፈሰሱባቸው፤ ከዚያ መስመሮቹን ከዳዩ ጠርዝ አሳልፈው ሙጫው ላይ ዘረጉና ጠብታዎቹን እዚያ አስቀመጡ። ሙጫው ሽፋን መሆኑ ቀርቶ መሬት ሆነ።

ማሌዥያም መታወስ አለባት። ኢንቴል በ1972 ፔናንግ ላይ የከፈተው ፋብሪካ ዳይ የሚያትም ሳይሆን የሚያሽግ ነበር፤ ዛሬ አገሪቱ ከዓለም የእሸጋና የፍተሻ ሥራ 13 በመቶ ያህሉን እንደያዘች ይነገራል። እኛ ዘንድ ከ2011 ጀምሮ የቴክኖ ስልኮች ሲገጣጠሙ ቆይተዋል፤ ያ ሥራ ግን ታሽገው የመጡ ቺፖችን ይዞ የሚጀምር ነው። እሸጋ ከመገጣጠም አንድ እርከን ወደ ውስጥ ነው፤ ስለ ቺፕ ኢንዱስትሪ የሚያስቡ ወጣቶቻችን ዳይ ማተምን ብቻ እያዩ ይህን እርከን እንዳይዘሉት እመኛለሁ።

መማር ለሚፈልግ ፕሮግራመር በሩ የተከፈተው በቅርቡ ነው። ጉግልና ስካይወተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ2020 የ130 ናኖሜትር የንድፍ ደንቦችን ለማንኛውም ሰው በነፃ ለቀቁ። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሰነድ የምስጢር ውል ሳይፈረም አይታይም ነበር። ኦፕንሌን የተባለው ነፃ የፕሮግራሞች ስብስብ የቬሪሎግ ኮድ ተቀብሎ ምደባውንና ዝርጋታውን ራሱ ይሠራል፤ ለትንሽ ሰርኪዩት ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። በመጀመሪያ አንድ ቆጣሪ ሰርኪዩት ይሞከር፤ ውጤቱ ኬሌይአውት በተባለው የሌይአውት ማያ ፕሮግራም ይከፈትና ንጣፎቹ አንድ በአንድ እየጠፉ ይታዩ። በሙሉ ቺፕ ሌይአውት ላይ ደግሞ ከዳዩ ዳር ዳር የሚታዩት ሰፋፊ የብረት ካሬዎች ነገ የእሸጋው ሽቦ የሚያርፍባቸው ናቸው።