በሰው አገር ሕግ ማስከበር፤ የስዊድን መኮንኖች በፋርስ፥ ከ1911 እስከ 1921

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር ነጋዴ፥ ሐኪም ወይም መምህር ቢሆን ነገሩ አያስገርምም። ነጋዴው ሸቀጡን፥ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል፤ ፈላጊ ቢያጣ ዕቃውን ጠቅልሎ ይመለሳል። የሕግ አስከባሪነት ሥራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ፖሊስ በእጁ የሚይዘው የመንግሥትን ሥልጣን ነው፤ ይኸውም ሰውን የማሰር፥ ቤትን የመፈተሽ፥ ግድ ሲሆንም የመተኰስ ሥልጣን። ይህን ሥልጣን ትናንት በመርከብ ለመጣና የአገሩን ቋንቋ ለማያውቅ ሰው መስጠት ለሰጪውም ለተቀባዩም ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በታሪክ ብዙ ጊዜ ተደርጓል። እንግሊዞች የፑንጃብን ሲኮች በሆንግ ኮንግና በሻንግሃይ ፖሊስ አድርገዋቸዋል፤ በ1922 የአየርላንድ ንጉሣዊ ፖሊስ በተበተነ ጊዜም ከአባሎቹ ብዙዎች ወደ ፍልስጥኤም ሄደው በዚያ ተቀጥረዋል። እነዚህ ግን በአንድ ቄሣራዊ መንግሥት ጥላ ሥር ከክፍል ወደ ክፍል እንደ ተዛወሩ ይቈጠራሉ። እኔ ለመመርመር የፈለግሁት ሌላውን ዐይነት ነው፤ ነጻነቱን ያላጣ፥ ነገር ግን የተቸገረ መንግሥት በገዛ ፈቃዱ ባዕዳንን ለሕግ ጠባቂነት ሲቀጥር ምን ይሆናል? ለዚህ የፋርስን ያህል ግልጽ ምሳሌ አላገኘሁም። (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፋርስ፥ ዛሬ ኢራን የምትባለው፥ በ1906 ሕገ መንግሥትና የሕዝብ ምክር ቤት አገኘች። በሚከተለው ዓመት ነሐሴ ወር እንግሊዝና ሩሲያ ባለቤቲቱን ሳያማክሩ በካርታ ላይ ተካፈሏት፤ ሰሜኑ ለሩሲያ፥ ደቡብ ምሥራቁ ለእንግሊዝ የተጽዕኖ ክልል ሆነ፤ የቀረው መካከለኛ ክፍል ለሁለቱም ክፍት ተባለ። ጌታው ማን እንደ ሆነ ባልለየበት አገር የመንገድ ጠባቂ ማቆም ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም።

ባዕድ ፖሊስ ራሱ ለፋርስ አዲስ ነገር አልነበረም። ናስረዲን ሻህ በ1878 ከአውሮፓ ጉዞው ሲመለስ ኮንት ደ ሞንተፎርቴ የተባለውን ሰው ከኦስትሪያ አስመጥቶ የቴህራንን ፖሊስ እንዲያቋቁም አድርጎ ነበር። ኮንቱም ለየወንጀሉ ቅጣቱን የሚዘረዝር ደንብ አወጣ። ነገር ግን ያ ፖሊስ የንጉሡ አገልጋይ ነበር፤ ከዋናው ከተማ ውጭ ለሚጓዝ ነጋዴ የሚሰጠው ጥበቃ አልነበረም።

ነገሩን ያባባሰው መንገድ ነው። ከቡሽሕር ወደብ ተነሥቶ በሺራዝ በኩል ወደ ኢስፋሃን የሚወጣው መንገድ የእንግሊዝና የሕንድ ሸቀጥ ወደ ፋርስ የሚገባበት ዋና በር ነበር። በ1910 ጥቅምት የእንግሊዝ መንግሥት መንገዱ በሦስት ወር ውስጥ ጸጥታ ካላገኘ በሕንድ ጦር መኮንኖች የሚታዘዝ ጠባቂ ኃይል እንደሚያቆም ለፋርስ መንግሥት አስታወቀ። የፋርስ መንግሥትም የማስጠንቀቂያውን ትርጉም አልሳተውም፤ ዛሬ ለመንገድ ጥበቃ የገባ ወታደር ነገ ለምን እንደሚቀር ማን ይጠይቀዋል? ስለዚህ ለራሱ የሚታዘዝ ዣንዳርመሪ፥ ማለት የገጠርና የመንገድ ፖሊስ፥ ለማቋቋም ቈረጠ። መኮንኖችን በመጀመሪያ ከኢጣሊያ ጠየቀ፤ ኢጣሊያ ሳትሰጥ ቀረች። ከዚህ በኋላ ፊቱን ወደ ስዊድን አዞረ።

በዚሁ ዓመት በ1911 የሆነ አንድ ነገር የስዊድኖችን መመረጥ ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ያስረዳል። በግንቦት ወር የፋርስን ገንዘብ ቤት እንዲያስተካክል የተቀጠረው አሜሪካዊው ሞርጋን ሹስተር ግብር የሚያስከፍል የራሱ ዣንዳርም እንዲኖረው ፈለገ፤ አዛዡም ሜጀር ስቶክስ እንዲሆን አሳሰበ። ስቶክስ በቴህራን የእንግሊዝ ወታደራዊ አታሼ ሆኖ ያገለገለ፥ የፋርስን ቋንቋና አገሩን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሩሲያ ግን አጥብቃ ተቃወመች፤ እንግሊዝም ስለ ወዳጅነቷ ስትል ሰውየውን ከለከለች። ሹስተርም ቢሆን ዓመቱን አልጨረሰም፤ ሩሲያ በኅዳር ወር እንዲባረር በመጠየቅ ጦር አስጠጋች፤ ምክር ቤቱ እምቢ ቢልም በታኅሣሥ ተዘጋ፥ ሹስተርም አገሩ ገባ። እንግዲህ አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቀው ሰው ስለ ዜግነቱ ሲከለከል፥ ምንም የማያውቁት ስለ ዜግነታቸው ተፈቀዱ። የስዊድኖች ትልቁ ችሎታ መንግሥታቸውን የሚፈራ አለመኖሩ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1930 ገደማ የክብር ዘበኛን ቤልጅጎች እንዲያሠለጥኑት፥ በ1934ም በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ ስዊድናውያን መጥተው በሆለታ ገነት የመኮንኖች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ሲያደርጉ፥ የመረጧቸው አገሮች ከኢትዮጵያ ጋር የሚዋሰን ቅኝ ግዛት ያልነበራቸውን ነው። ከነጻነት በኋላ ግን ምርጫ አልነበረም። በ1942 ጥር ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ለፖሊሱ የእንግሊዝ ኮሚሽነርና መኮንኖች እንዲመደቡ የሚል ነበረበት፤ ይህ ውል በ1944 ታኅሣሥ በሌላ ተተካ፥ በ1946ም የአገሩን ልጆች ለፖሊስ መኮንንነት የሚያዘጋጀው አባ ዲና ኮሌጅ ተቋቋመ። ስለዚህ የፋርስን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ የሩቅ አገር ወሬ እንደሚሰማ ሊሆን አይችልም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ1911 ነሐሴ ሃራልድ ያልማርሶን ጥቂት ጓደኞቹን አስከትሎ ቴህራን ገባ። ስዊድን ከ1814 ወዲህ ጦርነት አላየችም ነበር። በእንዲህ ያለው ሠራዊት ውስጥ አንድ መቶ አለቃ ሻምበል እስኪባል ጠጕሩ ይሸብታል፤ ወደ ውጭ ቢወጣ ግን ማዕርግም ደመወዝም ያድግለታል፤ ቀደም ሲልም ወደ ኮንጎ ሄደው ያገለገሉ የስዊድን መኮንኖች ጥቂቶች አልነበሩም። ያልማርሶን ራሱ በአገሩ ሻምበል ሳለ በፋርስ ጄኔራል ሆነ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ስዊድናውያን መምህሮቻችን ስለ በረዶና ስለ ጫካ ሲያወሩልን እንጂ ስለ ዘመቻ ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም ነበርና፥ የአገራቸው ልጆች በፋርስ በረሃ ሽፍታ ሲያሳድዱ እንደ ነበር ሳነብ በጣም ደነቀኝ። ደመወዝና ማዕርግ ብቻ ነበር የወሰዳቸው ብሎ መፍረድ ግን ልክ አይሆንም። ታናሽ መንግሥት ሌላውን የተጠቃ መንግሥት ይረዳል የሚለው አሳብ በመካከላቸው ነበር፤ በኋላ የሠሩት ሥራም ይህንኑ ያሳያል።

የቡሽሕርና የሺራዝ መንገድ ከባሕሩ ዳር ሜዳ ተነሥቶ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው በጠባብ በር በጠባብ በር የሚወጣ ነው። ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን አስጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ከላይ ጥቂት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ሊያስቆሙት ይችላሉ። እነዚህን ሰዎች የእንግሊዝ ቆንስሎች በደብዳቤያቸው ሁሉ ወንበዴ ይሏቸዋል። ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው እንዲህ ቀላል አይደለም። በየመንገዱ የነበሩት የጎሣ ባላባቶች፥ ከነርሱም ዋነኛው የቃሽቃይ ጎሣ አለቃ፥ ከጥንት ጀምሮ በየክልላቸው ጠባቂ ያቆሙ፥ ለጥበቃውም ከየጭነቱ ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። በእኛ አገር የነበረውን ኬላ የሚያስታውስ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ የኬላ በር ባለቤት ራሱን ሌባ ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ሌባ ከልካይ ነኝ ይላል። የስዊድኖቹ ዣንዳርም በየማደሪያው ሰፍሮ ቀረጡን ሲያስቀር፥ ለነጋዴው ሕግ መጣለት፤ ለባላባቱ ግን ሕግ ሳይሆን እንጀራውን የሚቀማ አዲስ ባለ ጠመንጃ መጣበት። ስለዚህ ውጊያው በቶሎ አልበረደም። በ1914 መጀመሪያ በካዜሩን ከተማ በተደረገው ግጭት ከስዊድናውያን መኮንኖች አንዱ ሞተ። ስለ ጎሣዎቹ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከሚቃወሟቸው ሰዎች ብዕር የወጣ መሆኑን አንባቢ እንዳይዘነጋ እለምናለሁ።

ከጠመንጃው ይልቅ የከፋው የገንዘብ ነገር ነበር። በ1913 መጨረሻ ዣንዳርሙ ወደ 6,000 ሰው ደረሰ፤ የፋርስ ገንዘብ ቤት ግን ባዶ ነበር። ጉምሩኩና ገንዘብ ቤቱ ሹስተር ከሄደ በኋላ በቤልጅጋዊው ሞርናር እጅ ነበሩ፤ ከዚያም የሚገኘው ገቢ አስቀድሞ ለውጭ ዕዳ ይሄዳል። የፋርስ ወታደር ወር አልፎ ወር ሲገባ ደመወዙን ሳያይ ይቀራል። በመጨረሻ በደቡቡ ክፍል ለነበረው ዣንዳርም እንግሊዝ ገንዘብ ማበደርና መስጠት ጀመረች። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ውል ተበላሸ ባይ ነኝ። ስዊድኖች የተመረጡት ከሁለቱ ኃያላን ስለ ራቁ ነበር፤ ደመወዛቸው ከአንዱ ኃያል ሲመጣ ርቀቱ የት አለ? ሩሲያም በበኩሏ የራሷ መኮንኖች የሚያዝዙት የኮሳክ ብርጌድ በቴህራን ስለ ነበራት ዣንዳርሙን በክፉ ዐይን ማየቷን አልተወችም።

የ1914 ጦርነት ሲነሣ የተሸፈነው ሁሉ ተገለጠ። ስዊድን በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረች፤ ፋርስም ገለልተኛ ነኝ ብላ አወጀች፤ ነገር ግን የሩሲያና የቱርክ ጦር በመሬቷ ላይ ተዋጋ። የስዊድን መንግሥት በ1915 መጀመሪያ መኮንኖቹን ወደ አገር ጠራ። ያልማርሶንም ተመለሰ። ከቀሩት ብዙዎቹ ለጀርመን ያደሉ ነበሩ፤ ምክንያቱም ለስዊድናዊ መኮንን ሩሲያ የቆየች ባላጋራ ናት፤ ለፋርሳዊው መኮንንም ሩሲያና እንግሊዝ አገሩን የተካፈሉ ናቸው። ገለልተኛነት የመንግሥቱ እንጂ የሰዎቹ እንዳልነበረ በዚህ ታወቀ። በ1915 ኅዳር የሺራዝ ዣንዳርም ቴሌግራፍ ቤቱን ያዘ፤ የእንግሊዙን ቆንስል ሜጀር ኦኮነርንም በከተማው ከነበሩት እንግሊዞች ጋር አሰረ። ሴቶቹ ወደ ቡሽሕር ተላኩ፤ ወንዶቹ በባሕሩ አጠገብ ባሉት ባላጋራ ጎሣዎች እጅ ታስረው ተቀመጡ። እንግሊዝ መንገዷን እንዲጠብቅላት የደጐመችው ኃይል የገዛ ቆንስሏን አሰረው ማለት ነው። በዚያው ወራት በሐማዳን የነበረው ዣንዳርም ከሩሲያ ጋር ተዋጋ፤ በ1916 ግን ተሸንፎ ከብሔራዊው የመከላከያ ኮሚቴ ጋር ወደ ቱርክ ግዛት አፈገፈገ። በደቡብ እንግሊዞች በሰር ፐርሲ ሳይክስ አዛዥነት የደቡብ ፋርስ ጠመንጃ ያዦች የሚባል ኃይል በ1916 አቆሙ። በ1910 ያስፈራሩትን በስድስት ዓመት ፈጸሙት።

ስለ ሺራዙ ነገር ጸሐፊዎች ይለያያሉ፤ እንግሊዞቹ ክህደት ይሉታል፥ ኢራናውያኑ የአገር ፍቅር። እኔ ከሁለቱም የተለየ ጥያቄ አለኝ። እነዚያ የስዊድን መኮንኖች ትእዛዝ መቀበል የነበረባቸው ከማን ነበር? ቴህራን ያለው መንግሥት በሩሲያ ጦር ተከብቦ በነጻ ማዘዝ አይችልም ነበር። ስቶክሆልም ተመለሱ ብሏል። ደመወዝ ከፋዩ ለንደን ነው። አብረዋቸው የተዋጉት የፋርስ ጓደኞቻቸው ደግሞ ተነሡ ይሏቸዋል። በአገሩ ያለ ፖሊስ ቢጨንቀው የሚማከርበት ሕግ አለው፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን በእጃቸው የቀረው የቅጥር ውል ብቻ ነበር፥ ውሉ ደግሞ ስለ ዓለም ጦርነት የሚለው የለም። ጓደኞቻቸውን የተከተሉትን ለመውቀስ እኔ በበኩሌ ድፍረት የለኝም።

በቴህራን ከተማ ፖሊስ የነበሩት ስዊድናውያን ታሪክ ጸጥ ያለ ነው። በ1913 የመጣው ጉናር ቬስትዳል ፖሊሱን በዘመናዊ ሥርዓት አደራጅቶ እስከ 1923 ገደማ አዛዥ ሆኖ ቆየ። ከተማ ጠባቂ ከመንገድ ጠባቂ የበለጠ ዕድሜ ማግኘቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ሌባና ሰካራም የሚይዝ ሰው ለማንኛውም መንግሥት ያስፈልጋል።

ዣንዳርሙ ከጦርነቱ በኋላ እንደ ገና ተሰበሰበ። በ1921 የካቲት የኮሳኩ አዛዥ ሬዛ ካን ቴህራንን ያዘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ዣንዳርመሪውንና የኮሳኩን ክፍል ቀላቅሎ አንድ ሠራዊት አደረገ። ስዊድኖች ያሠለጠኗቸው የፋርስ መኮንኖች ግን ይህን ሁሉ ዝም ብለው አልተቀበሉም። ከእነርሱ አንዱ ኮሎኔል መሐመድ ታቂ ካን ፔስያን በሐማዳን ከሩሲያ ጋር የተዋጋ፥ ከዚያም ወደ ጀርመን ሄዶ የቆየ፥ በኋላ የኮራሳን ዣንዳርም አዛዥ የሆነ ሰው ነው። በ1921 ሚያዝያ ከቴህራን በመጣ ትእዛዝ የኮራሳንን አገረ ገዢ ቃቫምን አስሮ ላከ። በሰኔ ወር እስረኛው ቃቫም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ፔስያን የቴህራንን ትእዛዝ መቀበል እምቢ አለ፤ በጥቅምትም ከጎሣ ጦር ጋር ሲዋጋ ተገደለ። ይህም የአገሩ ልጅ ሆኖ ሳለ የማንን ትእዛዝ ልስማ በሚለው ጥያቄ ነው የሞተው።

ያልማርሶን በ1918 በፊንላንድ የእርስ በርስ ጦርነት የስዊድንን በጎ ፈቃደኞች ብርጌድ አዝዞ በ1919 ሞተ። ዣንዳርመሪ የሚለው ስም ግን በኢራን ተመልሶ ተነሣ። በ1942 የኒው ጀርዚ ግዛት ፖሊስ አዛዥ የነበረው፥ በ1932 በሊንድበርግ ሕፃን መሰረቅ ምርመራ ስሙ የታወቀው ኖርማን ሽዋርዝኮፍ ከአሜሪካ መጥቶ ዣንዳርመሪውን ማደራጀት ጀመረ። እርሱም በኢራን እስከ 1948 ቆየ። ቬስትዳል ያደራጀው የከተማ ፖሊስና ያልማርሶን የጀመረው የገጠር ዣንዳርመሪ ሁለት ሆነው ኖረው፥ በ1991 የኢራን እስላማዊ ሪፐብሊክ ከአብዮታዊ ኮሚቴዎች ጋር ቀላቅሎ አንድ የጸጥታ ኃይል አደረጋቸው።