የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ለግል ክሊኒክ ያዋጣልን? የሪያድ አሠራር ሲመረመር

በአገር ቤት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ የታከመ ሰው ሁሉ ካርድ ክፍልን ያውቃል። ታካሚው በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ ቁጥሩን ይናገራል፤ ሠራተኛው ከመደርደሪያው መካከል የታካሚውን ካርድ ፈልጎ ለሐኪሙ ይልካል። ካርዱ ከጠፋ የሕክምናው ታሪክም አብሮ ይጠፋልና ሁሉ ነገር በአዲስ ካርድ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በሪያድ ከተማ፣ በመንፉሃም ሆነ በበጥሃ፣ በተለምዶ «ሙስተውሰፍ» ወደሚባለው የግል ክሊኒክ የሚሄድ ሠራተኛ በእንግዳ መቀበያው የሚጠየቀው ግን የኢቃማ ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ እንደገባ የመድን ሽፋኑና በዚያ ክሊኒክ ከዚህ በፊት የተደረገለት ሕክምና በአንድ ገጽ ይታያሉ።

ይህ አሠራር የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ይባላል። ጠቀሜታው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከሕክምና ጥራት አንጻር ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡን ገዝቶ ሥራ ላይ የሚያውለው የክሊኒኩ ባለቤት ሌላም ጥያቄ አለው፤ ወጪውን ይመልሳል ወይ? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሪያድ ካለው አሠራር ጋር አያይዞ ያብራራል። የክሊኒኩ የሒሳብ ጉዳይ ታካሚውን ሠራተኛ የሚነካበትንም መንገድ ያመለክታል።

መዝገቡ ምን ይይዛል?

የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ የወረቀት ካርድ ፎቶግራፍ አይደለም። የታካሚውን ማንነት፣ የሕመሙን ታሪክ፣ የማይስማሙትን መድኃኒቶች፣ የላቦራቶሪና የራጅ ውጤቶችን፣ የታዘዙ መድኃኒቶችን፣ ቀጠሮዎችንና የሒሳብ ሰነዶችን እርስ በርስ አያይዞ ይይዛል። ሐኪሙ አንድ መድኃኒት ሲያዝ ሥርዓቱ ቀደም ሲል ከተመዘገበው ጋር አመሳክሮ ሊያስጠነቅቅ ይችላል። የሕመሙ ስም ሲመዘገብ ዓለም አቀፍ የበሽታ መለያ ኮድ ይሰጠዋል። ለክሊኒኩ ገቢ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ኮድ ነው፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ተብራርቷል።

የሪያድ ክሊኒክ ገቢውን የሚያገኘው እንዴት ነው?

በሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የትብብር የጤና መድን ሕግ በግሉ ዘርፍ የተሰማሩ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የጤና መድን እንዲገቡ ያስገድዳል። የመድን ክፍያውን የሚከፍለውም አሠሪው ነው። ግዴታው በየጊዜው እየሰፋ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች በስሙ የተመዘገቡለት አሠሪም የጤና መድን እንዲገባላቸው ተወስኗል። በዚህ የተነሣ ለአንድ የግል ክሊኒክ ዋነኛው ከፋይ ብዙውን ጊዜ የመድን ኩባንያ ነው።

ክሊኒኩ ከኩባንያው ገንዘቡን ለማግኘት ሦስት ደረጃዎችን ያልፋል። በመጀመሪያ ታካሚው ሽፋን ያለው መሆኑን ያረጋግጣል። ቀጥሎ ፈቃድ ለሚያስፈልገው አገልግሎት ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የመድን ኩባንያው በ60 ደቂቃ ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ደንቡ ያዛል። በመጨረሻ ለተሰጠው አገልግሎት የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል።

ቀደም ሲል እነዚህ ጉዳዮች በስልክ፣ በፋክስና እያንዳንዱ ኩባንያ በሚያዘጋጀው የተለያየ ቅጽ ይፈጸሙ ነበር። የጤና መድን ምክር ቤትና ብሔራዊ የጤና መረጃ ማዕከል ያቋቋሙት «ነፊስ» የተባለው ብሔራዊ የጤና መረጃ ልውውጥ መድረክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ ሲውል ግን ሁሉም በአንድ መንገድ መሄድ ጀመሩ። መድረኩ የሚቀበለው በወጥ መልክ የተዘጋጀ የኤሌክትሮኒክ መረጃ ነው። ስለዚህ በሪያድ ያለ በመድን የሚሠራ ክሊኒክ «ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ በወረቀት ልቀጥል» የሚል ምርጫ የለውም። የቀረው ጥያቄ መዝገቡን ግዴታውን ለመወጣት ብቻ ይይዘዋል ወይስ ሥራውን ይመራበታል የሚለው ነው።

ትርፉ የት ነው?

የመጀመሪያው ትርፍ ውድቅ በሚደረጉ የክፍያ ጥያቄዎች ላይ ይገኛል። ሐኪሙ የራጅ ምርመራ አዝዞ ምክንያቱን ካልጻፈ፣ ወይም የተመዘገበው የበሽታ ኮድ ከታዘዘው ምርመራ ጋር ካልተጣጣመ፣ ኩባንያው ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። አገልግሎቱ ተሰጥቷል፤ ፊልሙም ሠራተኛውም ወጪ አስወጥተዋል፤ ገንዘቡ ግን አይገባም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ክሊኒክ በወር የ300,000 ሪያል የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል፤ ከዚህም 12 በመቶው ውድቅ ይደረግበታል እንበል። የሚያጣው 36,000 ሪያል ነው። መዝገቡ ያልተሟላ ነገር ሲኖር ሐኪሙን እያስታወሰ ኪሳራውን ወደ 7 በመቶ ቢያወርደው የሚያጣው 21,000 ሪያል ይሆናል። ልዩነቱ በወር 15,000፣ በዓመት 180,000 ሪያል ነው። አኃዞቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የቀረቡ ናቸው፤ ማንኛውም የክሊኒክ ባለቤት ግን የራሱን ቁጥሮች በቦታቸው ተክቶ ሒሳቡን ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛው ትርፍ ጊዜ ነው። ካርድ የሚፈልግ፣ የጠፋ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያስደግም፣ አንድን ስም በሦስት ደብተር የሚጽፍ ሠራተኛ ጉልበቱ ለሌላ ሥራ ይተርፋል። ለካርድ መደርደሪያ የተያዘው ክፍልም የምርመራ ክፍል ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የሒሳብ አያያዝ ነው። በመንግሥቱ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 4 ቀን 2021 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ እንዲያወጡ ይገደዳሉ። የሳዑዲ ዜጎች ለግል ሕክምና የሚከፍሉትን ይህን ታክስ መንግሥት ስለሚሸፍን፣ ክሊኒኩ የዜጋውንና የነዋሪውን ሒሳብ ለይቶ መያዝ አለበት። መዝገቡና ደረሰኙ ከተያያዙ ይህ ልዩነት ከማንነት መረጃው በቀጥታ ይወሰናል።

ወጪውስ?

ወጪው ከፕሮግራሙ ዋጋ ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ኮምፒውተሮች፣ አስተማማኝ የኢንተርኔት መስመር፣ የጥገናና የመጠባበቂያ ቅጂ ክፍያ፣ የሠራተኞች ሥልጠና ሁሉ ይታሰባሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ትልቁ ወጪ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታየው የሥራ መጓተት ነው። በእስክሪብቶ መጻፍ የለመደ ሐኪም ለአንድ ታካሚ የሚያጠፋው ጊዜ ይጨምራል፤ በቀን የሚያያቸው ታካሚዎች ቁጥርም ይቀንሳል።

በሌላው ዓለም የታየው ተሞክሮ ሁለት ገጽታ አለው። በአሜሪካ 14 አነስተኛ የሐኪም ቢሮዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት፣ መነሻ ወጪው ለአንድ ሐኪም በአማካይ 44,000 ዶላር፣ ዓመታዊ ወጪው ደግሞ 8,500 ዶላር ገደማ እንደነበረና ወጪው በአማካይ በሁለት ዓመት ተኩል እንደተመለሰ አሳይቷል። በማሳቹሴትስ ግዛት 49 ቢሮዎችን ያየውና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሌላ ጥናት በተቃራኒው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ሐኪም በአማካይ ከ43,000 ዶላር በላይ እንደሚከስርና ትርፍ የሚያገኙት 27 በመቶው ብቻ እንደሆኑ ገምቷል።

ሁለቱን ውጤቶች የሚያስታርቀው የአጠቃቀሙ ልዩነት ነው። ያተረፉት ቢሮዎች በመዝገቡ ተጠቅመው ብዙ ታካሚ ያስተናገዱ ወይም የክፍያ ጥያቄያቸውን ያስተካከሉ ናቸው። ከከሰሩት መካከል ብዙዎቹ ኮምፒውተሩን ከገዙ በኋላም የወረቀት ካርዱን አልተዉም ነበር። የሁለቱንም ወጪ እየከፈሉ የአንዱን ጥቅም እንኳ ሳያገኙ ቀርተዋል። የአሜሪካ መንግሥትም ወጪውን ሐኪሙ ብቻውን እየከፈለ ጥቅሙ ለመድን ድርጅቱና ለታካሚው ጭምር እንደሚዳረስ በመረዳት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሕግ መዝገቡን በአግባቡ ለሚጠቀም ሐኪም በአምስት ዓመት እስከ 44,000 ዶላር የሚደርስ ማበረታቻ ፈቅዷል።

ለሪያድ ክሊኒክ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። መዝገቡ የሚያዋጣው ሐኪሙ ታካሚው ፊቱ ተቀምጦ ሳለ ሲሞላው ነው። ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ ማታ ሌላ ሠራተኛ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠው ከሆነ፣ ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ ስሕተቱም ይበዛል፤ የክፍያ ጥያቄውም ይመለሳል።

የምስጢር ጥበቃ እንደ ወጪና እንደ ኃላፊነት

የተቆለፈ መደርደሪያ ውስጥ ያለን ካርድ ሊያይ የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ግን ካልተጠበቀ በአንድ ጊዜ የሺዎችን ምስጢር ሊያወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 14 ቀን 2023 ጀምሮ የጸናው የመንግሥቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ውስጥ ይመድባል። ባለመረጃውን ለመጉዳት ወይም ለግል ጥቅም ሲል እንዲህ ያለውን መረጃ ያወጣ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እሥራት፣ እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተለየ የይለፍ ቃል መስጠት፣ ማን መቼ ምን እንዳየ የሚመዘግብ አሠራር መዘርጋትና የመጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ከበጀቱ ሊጎድሉ የማይገባቸው ወጪዎች ናቸው።

ታካሚው ሠራተኛ ሊያውቀው የሚገባ

መዝገቡ የሚጠቅመው የተጻፈበት ሰውና የታከመው ሰው አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው። በወዳጅ ወይም በዘመድ ኢቃማ መታከም ሕግ መጣስ ከመሆኑም በላይ ለሕይወት ያሰጋል። የስኳር ሕመም የሌለባት እኅት በመዝገቧ የስኳር ታማሚ ሆና ትገኛለች፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ወንድም ማስጠንቀቂያው በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ይቀራል። በወረቀት ዘመን እንዲህ ያለው ስሕተት በአንድ ካርድ ላይ ይቀር ነበር፤ ዛሬ ግን ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይጓዛል።

የልደት ቀን ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የተወለደው በ1992 ወይም በ1993 ነው። በቃል የተነገረው ዓመት ከፓስፖርቱ ጋር ካልተስማማ መዝገቡ ለሁለት ሊከፈል ወይም የመድን ማረጋገጫው ሊስተጓጎል ይችላል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ በኢቃማው ላይ እንዳለው መሆን አለበት። ከዚህም በላይ ሕጉ ባለመረጃው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስሕተት ካለው እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል።

የሐኪም የእረፍት ፈቃድም ዛሬ የሚወጣው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሲሆን፣ ታካሚው በጤና ሚኒስቴር «ሲሃቲ» መተግበሪያ ሊያየው ይችላል። በሥራ ሕጉ መሠረት የታመመ የግል ዘርፍ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 60 ቀናት በሦስት አራተኛ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 30 ቀናት ያለ ደመወዝ የማረፍ መብት አለው። የቤት ሠራተኞች ጉዳይ በተለየ ደንብ ይመራል። የመብቱ ማስረጃ የሐኪሙ መዝገብ በመሆኑ፣ ታካሚው ከክሊኒኩ ከመውጣቱ በፊት ፈቃዱ በስሙና በትክክለኛው ቀን መመዝገቡን ቢያረጋግጥ መልካም ነው። ለጤና ነክ ጥያቄ የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር 937፣ ለድንገተኛ አደጋ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው።

በአጠቃላይ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለክሊኒኩ ያዋጣል፤ የሚያዋጣው ግን በሙሉና በትክክል ሲሞላ ነው። ለባለቤቱ የተሟላ መዝገብ የተከፈለ ሒሳብ ነው። ለታካሚው ደግሞ ነገ ሌላ ሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ ቋንቋው ባይግባባለት እንኳ፣ ስለ እርሱ የሚናገርለት ማስረጃ ነው።