ኦክሳይድ

«ኦክሳይድ» ኦክስጅን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ሲዋሃድ የሚገኝ ውህድ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ለማየት ወደ ጣሪያ ቀና ማለት ይበቃል፦ በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ የሚደበዝዘው ዚንኩ ከአየር ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ ነው። ሽፋኑ ከሥሩ ያለውን ብረት ይጠብቃል፤ ስለዚህ ኦክሳይድን ሁሉ «ዝገት» ማለት፣ በእኔ እይታ፣ ስም ማጥፋት ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ የዚንክ ኦክሳይድ ቅርጽ ይታዘዛል። ዚንክ ናይትሬት ሄክሳሚን ከተባለ ውህድ ጋር በውሃ ሟምቶ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ባለስድስት ጎን የዚንክ ኦክሳይድ ዘንጎች ይበቅላሉ፤ ውፍረታቸው በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ ይለካል። ሲትሬት የተባለው የሎሚ አሲድ ጨው ከተጨመረ ጫፋቸው ላይ ተለጥፎ ቁመታቸውን ይገታል፤ ዘንጉ ቀርቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። «እድገትን መቆጣጠር» የሚባለው ይኸው ነው።

ዚንክ ኦክሳይድ በፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥም አለ፤ ወደ ይፋት ቆላ የምትወርዱ ልብ በሉ።